አስፒሪን እና ክሎፒዶግሬል፦ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ጅማ ውስጥ ቡና ይነግዳሉ። ከሦስት ወር በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዟቸው አዲስ አበባ ተወስደው ስቴንት የሚባል የልብ የደም ሥር መደገፊያ ቱቦ ገባላቸው። አሁን አስፒሪን 81 ሚሊ ግራም እና ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊ ግራም በየቀኑ ይወስዳሉ። ጨጓራቸውን ስላቃጠላቸው ኦሜፕራዞል ገዛንላቸው፤ ለጉልበታቸው ደግሞ አልፎ አልፎ አይቡፕሮፌን ይውጣሉ። ጥርሳቸውን ሲያጸዱ ድዳቸው ይደማል፤ ክንዳቸው ላይም ሰማያዊ ምልክት ይወጣል። አንድ ዘመዳችን ‹ሁለቱም ደም የሚያቀጥኑ ናቸው፤ አንዱ ይበቃል› ስላሏቸው ውዱን፣ ክሎፒዶግሬሉን፣ ሊተዉት ነው። የሚነቀል ጥርስም አላቸው፤ ረመዳንም እየደረሰ ነው። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። አባትዎ ዛሬም ነገም ክሎፒዶግሬሉን ይዋጡ። የቀረውን ረጋ ብለን እናየዋለን፤ ይህ ግን ለነገ የሚተው አይደለም። ስቴንት ከገባ ሦስት ወር የሆነው ሰው በራሱ ውሳኔ ከሁለቱ አንዱን ሲያቆም ምን እንደሚከተል ስለማውቅ ነው በዚህ የጀመርኩት።

ዘመዳችሁ የተናገሩት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። በጅማ ከማያቸው የልብ ሕሙማን ብዙዎቹም እንዲሁ ያስባሉ፤ ሁለት መድኃኒት አንድ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ለምን ሁለት ይከፈላል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ስህተቱ ያለው «አንድ ሥራ» የሚለው ላይ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሠሩት በተለያየ ቦታ ላይ ነው፤ ደሙንም ውኃ አያደርጉትም። የሚነኩት ፕሌትሌት የሚባሉትን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ጥቃቅን ህዋሳት ብቻ ነው።

ፕሌትሌቶች በጣም ትንንሽ ናቸው። ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር ነው፤ በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛሉ። በሰላሙ ጊዜ እንደ ጠፍጣፋ ክብ ሆነው ከደሙ ጋር ይፈስሳሉ፤ ማንንም አይነኩም፤ እርስ በርሳቸውም አይጣበቁም። የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን በቆሰለ ቅጽበት ግን ጠባያቸው ይለወጣል። ቮን ቪሌብራንድ የሚባለው ፕሮቲን በቁስሉ ላይ ተዘርግቶ ይቆያቸዋል፤ እነሱም በላያቸው ባለ ልዩ ተቀባይ ይይዙታል፤ ከሽፋኑ በታች ከተጋለጠው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ጋርም ይጣበቃሉ። ወዲያው ቅርጻቸው ተለውጦ እሾህ የመሰለ ክንድ ያወጣሉ፤ በሆዳቸው የያዙትን ኬሚካል ይዘረግፋሉ።

በመንደር ውስጥ እሳት ሲነሳ መጀመሪያ ያየው ሰው «ኡኡ» ይላል፤ የሰማው እየሮጠ ይመጣል፤ የመጣውም ራሱ ይጮኻል፤ ጥቂት ሳይቆይ አገር ይሰበሰባል። የመጀመሪያዎቹ ፕሌትሌቶችም እንዲሁ ይጣራሉ። ጥሪያቸው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትሮምቦክሴን የሚባል ሲሆን ፕሌትሌቱ እዚያው በዚያው የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ኤዲፒ ይባላል፤ አስቀድሞ በከረጢት ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው። አጠገባቸው የሚያልፉት ፕሌትሌቶች ለእያንዳንዱ ጥሪ የተለየ ጆሮ፣ ማለትም የተለየ ተቀባይ አላቸው። አንዱን ጥሪ ማስቆም ሌላውን አያስቆምም። የአባትዎ የሁለት ኪኒን ምስጢር ይኸው ነው።

አስፒሪን የሚሠራው በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ነው። ትሮምቦክሴንን የሚያዘጋጀው ኮክስ-1 የሚባል ኢንዛይም ነው፤ አስፒሪን ከዚህ ኢንዛይም ጋር ለዘለቄታው ተጣብቆ ሥራውን ያቆመዋል። አብዛኞቹ ህዋሶቻችን ኢንዛይም ቢበላሽባቸው አዲስ ይሠራሉ። ፕሌትሌት ግን ኒውክለስ፣ ማለትም የህዋስ ማዘዣ ማዕከል፣ የለውም፤ አዲስ መሥራት አይችልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ አስፒሪን ያገኘው ፕሌትሌት እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ትሮምቦክሴን ሳይሠራ ይኖራል። 81 ሚሊ ግራም የምታህል ትንሽ ኪኒን በቀን አንዴ መብቃቷም ከዚህ የተነሳ ነው። የዚህን የአስፒሪን አሠራር መሠረት እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። የሕይወት ማዳን አቅሙ በግልጽ የታየው ደግሞ በ1988 አይሲስ-2 በተባለው ጥናት ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም የተጠረጠረባቸው 17,187 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሞቱት አስፒሪን ካልወሰዱት 11.8 በመቶ፣ ከወሰዱት ግን 9.4 በመቶ ሆኑ። ከአንድ ርካሽ ኪኒን ይህን ያህል ማግኘት በሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም።

አስፒሪን ግን የኤዲፒን ጥሪ አይነካም። ክሎፒዶግሬል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ፕሌትሌት ለኤዲፒ ሁለት ተቀባዮች አሉት። ፒ2ዋይ1 የሚባለው የመጀመሪያውን ንቅናቄ፣ የቅርጽ ለውጡን ያስነሳል። ፒ2ዋይ12 የሚባለው ደግሞ የተጀመረው ክምችት እንዳይበተን ያጸናል፤ ይህ ተቀባይ ከተዘጋ ፕሌትሌቶች ቢጠጋጉም መልሰው ይለያያሉ። ክሎፒዶግሬል የሚዘጋው ሁለተኛውን ነው። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር ግን የተዋጠው ኪኒን ራሱ ምንም አለመሥራቱ ነው። ወደ ደም ከገባው ውስጥ አብዛኛው፣ 85 በመቶ ያህሉ፣ በሰውነት ኢንዛይሞች ተሰባብሮ ከንቱ ይሆናል። የቀረው ጥቂቱ በጉበት ውስጥ በሁለት ደረጃ ተለውጦ ነው እውነተኛው መድኃኒት የሚወጣው። ያም ከፒ2ዋይ12 ጋር ለዘለቄታው ይጣበቃል፤ እንደ አስፒሪኑ ሁሉ ፕሌትሌቱ እስኪሞት አይለቅም።

ይህን የጉበት ሥራ በዋናነት የሚያግዘው ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በዘር ከሰው ሰው ይለያያል፤ ዘገምተኛ የሆነባቸው ሰዎች ከክሎፒዶግሬል የሚያገኙት ጥቅም ያንሳል፤ ፈጣን የሆነባቸው ደግሞ መድኃኒቱን አብዝተው ስለሚያመርቱ መድማት ሊበረታባቸው ይችላል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደስ የሚያሰኝ የምርምር ድርሻ እዚህ ላይ አለ። ፈጣኑ ዓይነት በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጽ ከተመረመሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ድግግሞሹም በእኛና በስዊድናውያን 18 በመቶ፣ በቻይናውያን ግን 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ኦሜፕራዞሉ ልምጣ። ኦሜፕራዞል ይህንኑ ሲዋይፒ2ሲ19 ያዳክማል፤ ስለዚህ ክሎፒዶግሬሉ ወደ እውነተኛው መድኃኒት የሚለወጥበትን መንገድ ያጠብበዋል። በላብራቶሪ ሲለካ ፕሌትሌቶቹ ላይ ያለው ጫና በእርግጥ ይቀንሳል። በሕሙማን ላይ ያደርሰዋል የተባለው ጉዳት ግን አከራካሪ ነው፤ በ2010 የወጣው ኮጀንት የተባለ ጥናት ኦሜፕራዞል የጨጓራና የአንጀት መድማትን ሲቀንስ የልብ አደጋን ግን ሲጨምር አላሳየም፤ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀደም ብሎ ስለተቋረጠ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሁለቱ አብረው እንዳይወሰዱ ይመክራል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ የጨጓራውን መከላከያ አይጣሉት፤ ይቀይሩት። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለሚወስድ በ60ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ጨጓራን መጠበቅ ቅንጦት አይደለም። ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ስለ ፓንቶፕራዞል ይጠይቁ፤ ይህን ኢንዛይም የሚነካው እጅግ ባነሰ ደረጃ ነው። ኢሶሜፕራዞልና ሲሜቲዲን ግን እንደ ኦሜፕራዞሉ ስለሆኑ በምትክነት አይውሰዱ።

ጨጓራውን የሚያቃጥለው ምን እንደሆነም መጠየቅ አለበት። እኔ ጣቴን የምቀስረው በአይቡፕሮፌኑ ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ኪኒኖች ከሚወስድ ሰው ቤት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ እንዲወጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ጨጓራን ያቆስላሉ፤ መድማትን ያብሳሉ፤ የልብን አደጋም ይጨምራሉ። አይቡፕሮፌን ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። አስፒሪን የሚጣበቅበትን የኮክስ-1 ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ አስፒሪኑ ሲደርስ መግቢያ ያጣና ሳይሠራ ከሰውነት ይወጣል፤ አይቡፕሮፌኑም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቅቃል። ውጤቱ አባትዎ አስፒሪን ውጠው አስፒሪን እንዳልዋጡ መሆን ነው። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ካልበቃቸው ጉልበቱ ራሱ ይታይ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ስቴንቱ። ስቴንት በቀጭን ሽቦ የተሠራ የመረብ ቱቦ ነው፤ የጠበበውን የልብ የደም ሥር ከውስጥ ደግፎ ይይዛል። ዛሬ በብዛት የሚገባው ዓይነት ጠባሳ ቱቦውን መልሶ እንዳይዘጋው የሚከላከል መድኃኒት የተቀባ ነው። ያው መድኃኒት ግን ሽቦው በሰውነት ሽፋን እንዲለበስ የሚያስፈልገውን ጊዜ ያራዝመዋል። ሽፋን ያልደረሰበት ሽቦ ለፕሌትሌት እንደ ክፍት ቁስል ነው። በየደቂቃው በዚያ ቀጭን ቱቦ በኩል ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፕሌትሌቶች እየተሽቀዳደሙ ያልፋሉ፤ ጥቂቶቹ ቢያዙና ቢጣሩ፣ የሚሰማቸውም ካገኙ፣ ቱቦው በደቂቃዎች ውስጥ ድርግም ሊል ይችላል። ከመጀመሪያው የልብ ሕመም ይህኛው በብዙ ይከፋል፤ ብዙዎችንም ይገድላል።

ከዚህ ጋር አብሮ መነሳት ያለበት አንድ የቆየ ጥናት አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞች ስቴንት ለገባለት ሰው እንደ ዋርፋሪን ያሉ፣ በደም ውስጥ ያሉትን የማርጊያ ፕሮቲኖች የሚከለክሉ ጠንካራ መድኃኒቶችን ይሰጡ ነበር። በ1996 አይሳር የተባለው የጀርመን ጥናት 517 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ፤ ለግማሾቹ ያንን፣ ለግማሾቹ አስፒሪንና የክሎፒዶግሬል ታላቅ ወንድም የሆነውን ቲክሎፒዲን ሰጠ። ስቴንቱ የተዘጋው በመጀመሪያዎቹ 5.4 በመቶ ላይ ሲሆን በሁለተኛዎቹ 0.8 በመቶ ብቻ ሆነ። የስቴንት ጠላት ፕሌትሌት እንደሆነ ከዚያ በኋላ አላከራከረም። ቲክሎፒዲን ነጭ የደም ህዋሳትን እያወረደ ስላስቸገረ፣ በ1997 ፈቃድ ያገኘው ክሎፒዶግሬል ቦታውን ወሰደ።

«አንዱ ይበቃል» ለሚለው ቀጥተኛው ምላሽ በ2001 የወጣው ኪዩር የተባለው ጥናት ነው። ስጋት ያለበት የልብ ሕመም የያዛቸው 12,562 ሰዎች ሁሉም አስፒሪን ወሰዱ፤ ለግማሾቹ ክሎፒዶግሬል ተጨመረላቸው። በልብና በደም ሥር ምክንያት ሞት፣ ዳግም የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰባቸው አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት 11.4 በመቶ፣ ሁለቱን ከወሰዱት 9.3 በመቶ ነበሩ። ዋጋው ግን ነበር፤ ከባድ መድማት ከ2.7 ወደ 3.7 በመቶ ከፍ አለ። ይህንን አልደብቅዎትም፤ ድዱ የሚደማውና ክንዱ የሚበልዘው ከዚሁ ነው። ትንሽ የድድ መድማትና ሳንቲም የምታህል ሰማያዊ ምልክት ይታገሱታል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይግዙላቸው፤ በመፋቂያም ቢሆን ድዱን እንዳይጎዱት ይጠንቀቁ። የማይታገሱት ሌላ ነው፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተጫኑት እንኳ የማይቆም ነስር፣ ድንገተኛ ከባድ የራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአፍ መጣመም። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀንም ይሁን ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ደረታቸውን ካመማቸውም እንዲሁ፤ «ጨጓራ ነው» ብለው አይጠብቁ።

የፕሌትሌት ተቀባዮችን የሚዘጉ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ ወደፊት ስማቸውን ቢሰሙ እንዳይደናገሩ በአጭሩ ልጥቀስ። ቲካግሬሎር ያንኑ ፒ2ዋይ12 ይዘጋል፤ ጉበት እስኪለውጠው አይጠብቅም፤ ጠንከር ይላል፤ ነገር ግን ተጣብቆ አይቀርም፤ ስለዚህ በቀን ሁለቴ መወሰድ አለበት፤ አንዳንዶችን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። ፕራሱግሬልም ጠንካራ ነው፤ ስትሮክ ለነበረበት ሰው ግን ፈጽሞ አይሰጥም። ከሁሉም ጥሪዎች በኋላ ፕሌትሌቶች በመጨረሻ እርስ በርስ የሚያያዙበት ግላይኮፕሮቲን 2ቢ/3ኤ የሚባል ተቀባይ አለ፤ በአንድ ፕሌትሌት ላይ 80 ሺህ ያህል ይገኛል፤ የሚዘጉት መድኃኒቶች በደም ሥር የሚሰጡ፣ በሆስፒታል ለሰዓታት ብቻ የሚውሉ ናቸው። ይህንኑ በኪኒን መልክ ለዘወትር ለመስጠት ተሞክሮ ነበር፤ ሞትን በመቀነስ ፈንታ ስለጨመረ ተትቷል። መዝጋት በጠነከረ ቁጥር ይሻላል ለሚል ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምላሽ ነው።

ጥርሱን በተመለከተ፦ ስቃይ ወይም መግል ከሌለው ይቆይ። መነቀል ካለበት ሁለቱም መድኃኒቶች ሳይቋረጡ ይነቀል። የጥርስ ሐኪሙ አንድ ጥርስ ብቻ ይንቀል፤ ጎድጓዳውን ይስፋው፤ በቁስል ጨርቅ አጥብቆ ይጫነው፤ ደሙ መቆሙን ሳያይ አያሰናብታቸው። ከአፍ የሚወጣ ደም ይታያል፤ በጣት ይደረስበታል፤ በጨርቅ ይጫኑታል። በልብ ውስጥ ለተዘጋ ስቴንት ጣት አይደርስም። «አምስት ቀን አቁመው ይምጡ» የሚል ካጋጠመዎት፣ ያ ምክር ለትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ፣ ያም ቢሆን ከልብ ሐኪሙ ጋር ተመክሮ የሚወሰን መሆኑን በትህትና ይንገሩት። ቀዶ ሕክምና የግድ ካልሆነ በእነዚህ ወራት ባይሆን ይመረጣል።

ጾሙን ሐኪማቸው ሳያያቸው አይጀምሩት፤ ከልብ ሕመም በኋላ ሦስት ወር ጥቂት ነው። ከተፈቀደላቸው ግን ኪኒኖቹ ራሳቸው እንቅፋት አይሆኑም። ሁለቱም በቀን አንዴ ስለሆኑ ከኢፍጣር ምግብ በኋላ አብረው ሊወሰዱ ይችላሉ። ዋናው በየቀኑ ሰዓታቸውን መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ ሁለት አይደርቡም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ግን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አባትዎ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ይተዉት። በእኛ አካባቢ ይህን መናገር እንደማይወደድ አውቃለሁ። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የልብን የደም ሥር ሊያኮማትር ይችላል፤ ይህን ደግሞ አስፒሪንም ክሎፒዶግሬልም አይከላከሉትም። ሲጋራም ከዚሁ ጋር ይቁም። ቡናቸውን ግን አልከለክልም፤ ሁለት ሲኒ ያህል ይጠጡ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ በወጥ ውስጥ ችግር የለባቸውም፤ ጨምቆ ወይም በዘይት መልክ እንደ መድኃኒት መጠጣት ግን መድማትን ሊያበረታ ስለሚችል ይቅር።

ስለ ዋጋው። ክሎፒዶግሬል በየወሩ መግዛት የቤተሰብን ኪስ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ይህን ሰበብ ብዬ አልንቀውም። ፕላቪክስ በሚል የንግድ ስም የታወቀውን ክሎፒዶግሬል መግዛት ግን የግድ አይደለም፤ በአገሪቱ የተመዘገበ ማንኛውም የ75 ሚሊ ግራም ክሎፒዶግሬል ያው ነው፤ ፋርማሲውን ርካሹን ይጠይቁ። ሳጥኑ ሲያልቅ ሳይሆን አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ይግዙ፤ ጅማ ላይ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን መድኃኒት እስኪመጣ ሽቦው አይጠብቅም። ፈጽሞ ካልተገኘ ቤት ሳይቀመጡ ለሐኪሙ ይደውሉ፤ የሚተካበት መንገድ አለ።

ከልብ ሕመም በኋላ የሁለቱ ኪኒኖች የተለመደ ዘመን አንድ ዓመት ነው። መድማት የሚያሰጋቸው ሰዎች ቀደም ብለው ወደ አንድ ሊወርዱ ይችላሉ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ አስፒሪኑን አቁሞ ፒ2ዋይ12ን የሚዘጋውን ማስቀጠል የሚመረጥበት ጊዜ እየበዛ ነው፤ ማለትም አባትዎ ሊተዉ ካሰቡት ተቃራኒው። የትኛው መቼ እንደሚቆም የሚወሰነው የገባው ስቴንት ዓይነትና ብዛት፣ የደም ማነስ መኖር አለመኖሩ፣ ኩላሊትና ዕድሜ ታይቶ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የተሰጣቸውን፣ ስቴንቱ የገባበት ቀንና ዓይነቱ የተጻፈበትን ወረቀት ይፈልጉት፤ ፎቶ አንስተው በስልክዎ ይያዙት። በዚህ ሳምንት ወደ ተመላላሽ ሕክምና ሲወስዷቸው እሱንና የሚውጧቸውን ኪኒኖች ሁሉ፣ ኦሜፕራዞሉንና አይቡፕሮፌኑን ጨምሮ፣ ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ የደም ማነስ ምርመራም እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ።